ዋሻው ደጃፍ ላይ ደርሰናል፤ ሶፍትዌሩን ልግዛው?

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አምስት ሆነን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን የታሪክ ጨዋታ እንጫወት ነበር። ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንዱ ጓደኛችን ከውጭ ያስመጣቸው ዳይሶች፣ በቃ። ከተመረቅን በኋላ ተበታተንን። አሁን ሁለታችን ሐዋሳ ነን፤ አንዱ አዳማ፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዱ ደግሞ ሜሪላንድ ነው። ዘንድሮ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ በዲስኮርድ፣ በኢንተርኔት በድምፅ በሚያነጋግረው አፕ፣ እየተገናኘን እንደገና ጀመርን። የምመራው እኔ ነኝ፤ ታሪኩንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ተጫዋቾቹ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭነው የሚዞሩ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። እስካሁን በቃል ብቻ ስመራው ነበር። አሁን ግን ሶፍ ዑመርን የመሰለ ትልቅ ዋሻ ደጃፍ ላይ ደርሰዋል፤ ካርታ ሳላሳያቸው ልወጣው የምችል አልመሰለኝም።

የሜሪላንዱ ጓደኛችን ፋውንድሪ የሚባለውን ሶፍትዌር እንድገዛ ይጎተጉተኛል፤ 50 ዶላር ነው። ልክፈልልሽም ብሎኛል። "ከተገዛ አይቀር ግን የእንግሊዝኛዎቹን ታሪኮች እንጫወት፤ ሁሉ ነገር ተሠርቶ ነው የሚመጣው" ይላል። ሰው እንዲከፍልልኝ ይሉኝታ ይዞኛል። ከኪሴ እንዳላወጣ ዶላሩ በብር ሲመታ ያስደነግጣል። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ሰፈራችን መብራት ይጠፋል፣ የአዳማው ልጅ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ልግዛ ወይስ ይቅር? ሮል20 የሚባለውስ አይሻልም?

ሲራራ መሪዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ሲራራ መሪዋ እህቴ፣ አሁን አትግዢ። ዋሻውን በነፃ መሣሪያ ማስኬድ ይቻላል፤ እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ። ከዋሻው ከወጡ በኋላ መግዛት አለብኝ ካልሽ ፋውንድሪን ግዢ፣ የወር ክፍያ ያለውን ተዪው። ከተገዛ ደግሞ ሐዋሳ ያለው ላፕቶፕሽ ላይ እንዳይጫን። ስለ ጓደኛሽ ገንዘብም የምለው አለኝ፤ እሱ ከሶፍትዌሩ ይከብዳል።

ነገሩን ሰምተው ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ባጭሩ፦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፤ ይሳካል አይሳካም የሚለውን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስነዋል። ሰሌዳም ካርታም የግድ አይደለም። ተጫዋቾቹ በተለያየ ከተማ ሲሆኑ ግን ጠረጴዛውን ኮምፒውተር ላይ የሚያመጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቨርቹዋል ቴብልቶፕ ይሏቸዋል። ካርታው ይዘረጋል፣ ገጸ ባሕርያቱ ቶከን፣ ማለትም ካርታው ላይ የሚጎተት ትንሽ ምልክት፣ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ፣ ዳይሱ በሁሉም ፊት ይወረወራል። ሮል20 እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ፤ በብሮውዘር ይከፈታል፣ ነፃ ደረጃ አለው፣ ተጨማሪ የፈለገ በየወሩ ይከፍላል። ፋውንድሪ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። አንድ ጊዜ 50 ዶላር ይከፈልበትና ያበቃል፤ የሚከፍለውም አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌሎቹ በሊንክ ይገባሉ።

ጓደኛሽ ፋውንድሪን መምረጡ አይነቀፍም፤ እኔም የምመራው እሱ ላይ ነው። ግን ሜሪላንድ ለተቀመጠ ሰው በቀላሉ የማይታየው አንድ ነገር አለ። ሮል20 ላይ ካርታውን ለተጫዋቾቹ የሚያቀርበው የኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም ሁሉም የሚገናኙበት ዋናው ኮምፒውተር ነው። ፋውንድሪን ስትገዢ ሰርቨሩ አንቺው ትሆኛለሽ። ፕሮግራሙ ላፕቶፕሽ ላይ ይነሣል፣ ሌሎቹ ብሮውዘራቸውን ከፍተው ወደ አንቺ ቤት ይመጣሉ። ካርታው፣ ሥዕሉ፣ ሙዚቃው ሁሉ የሚወጣው ከአንቺ መስመር ነው። ኢንተርኔት ስናስገባ ሁላችንም የምንጠይቀው የዳውንሎዱን ፍጥነት ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው ግን አፕሎዱ፣ ከአንቺ ወደ ውጭ የሚላከው ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጥሩ ጥራት ያለው የዋሻ ካርታ 10 ሜጋባይት ቢሆን 80 ሜጋቢት ማለት ነው፤ ለአራት ሰው ሲላክ 320። አፕሎድሽ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ ካርታው ሁሉም ጋ እስኪደርስ 160 ሴኮንድ ትጠብቂያለሽ። ይህም ድምፃችሁ በዚያው መስመር ባይሄድ ነው። ዲስኮርድ ማስተካከያው ካልተነካ ለአንድ ድምፅ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ቢወስድ ነው፤ ምንም አይደለም። ነገር ግን ካርታው መስመሩን ሲሞላው መጀመሪያ የሚቆራረጠው እሱ ነው። "ከጨለማው ውስጥ አንድ..." ብለሽ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሺው ጸጥ ትያለሽ። ለጭንቀት ጥሩ ነበር፣ ሆን ብለሽ ብታደርጊው።

መግቢያውም ችግር አለው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ላፕቶፕሽን እንዲያገኘው ራውተሩ ላይ ፖርት፣ ማለትም ቁጥር ያለው መግቢያ፣ መከፈት አለበት፤ ፋውንድሪ ካልቀየርሽው 30000 የሚለውን ቁጥር ነው የሚጠቀመው። ያለሽ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ወይም የስልክ ሆትስፖት ከሆነ ደግሞ ፖርት ብትከፍቺም አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ስለሚጋሩ የሚመጣው ሰው አንቺ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ማለፊያ ዘዴዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን ቅዳሜ ማታ ሊበላሽ የሚችል አንድ ተጨማሪ ነገር ናቸው።

መብራቱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ራውተርሽ ሲጠፋ የምትጠፊው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ጨዋታው ራሱ ነው የሚጠፋው። አዲስ አበባም አዳማም ሜሪላንድም ያሉት ባዶ ስክሪን ላይ ይቀራሉ። ሰርቨሩ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ግን መብራት ሲሄድ ላፕቶፕሽ በባትሪ፣ ኢንተርኔትሽ በስልክ ሆኖ ከደቂቃዎች በኋላ ትመለሻለሽ። እስክትመለሺ እነሱ ካርታው ፊት ተቀምጠው የትኛው መተላለፊያ ይሻላል እያሉ ይከራከራሉ፤ መቼም ለዚህ አንቺ አታስፈልጊያቸውም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ይህን ነው፦ ጨዋታውን የሚመራው ሰውና ሰርቨሩን የሚያስነሣው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም። ጓደኛሽ ሜሪላንድ ባለው ኮምፒውተሩ ላይ ፋውንድሪን ያስነሣ፤ አንቺ ሐዋሳ ሆነሽ እንደማንኛውም ተጫዋች በሊንክ ትገቢያለሽ፣ የምትገቢው ግን በጌም ማስተርነት ነው። ካርታ ትጭኛለሽ፣ ጭራቅ ትደብቂያለሽ፣ በር ትዘጊያለሽ፤ ምንም የሚጎድልሽ የለም። ርቀቱ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በትንሹ ያዘገየዋል፤ ተራ እየተጠበቀ የሚጫወቱት ጨዋታ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። በወር ጥቂት ዶላር ተከፍሏቸው ሰርቨሩን በራሳቸው ቦታ የሚያስቀምጡ ድርጅቶችም አሉ፤ በዚያ ከሄድሽ ግን የሸሸሽውን የወር ክፍያ በጓሮ በር አስገባሽው።

ወደ አዳማው ልጅ ልምጣ። ለእኔ ውሳኔውን የሚወስነው ከ50 ዶላሩ ይልቅ የእሱ ስልክ ነው። ፋውንድሪ የተሠራው ለኮምፒውተር ስክሪን ነው። ስልክ ላይ ቢከፈት እንኳ ሜኑው ካርታውን ይሸፍነዋል፤ ቶከኑን በጣት መጎተት ትግል ነው። ሮል20 የስልክ አፕ አለው፤ እሱም በዋነኝነት የገጸ ባሕርዩን ወረቀት ለመያዝና ዳይስ ለመወርወር ነው። አራታችሁ ያማረ ዋሻ እያያችሁ አንዱ በስልኩ የሚያየው ግማሽ ሜኑ ከሆነ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ "ዛሬ ሥራ አለብኝ" ይላል፣ ቀጥሎ አይመጣም። ቅር ብሎኛል ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ ከመካከላችን ስንት አለ? ስለዚህ የትኛውንም መሣሪያ ስትሞክሪ መጀመሪያ የእሱ ስልክ ላይ ሞክሪው። እዚያ ካልሠራ ለሁላችሁም አልሠራም።

አሁን ዋሻው። አውልቤር ሮዲዮ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ስሙ አያስቅሽ። በብሮውዘር የሚከፈት ነው፣ ነፃ ደረጃ አለው። አካውንት የሚያስፈልገው ክፍሉን ለምትከፍቺው ለአንቺ ነው፤ ሌሎቹ ሊንኩን ነክተው ይገባሉ፣ በስልክም ጭምር። የጨዋታውን ሕግ አያውቅም። የገጸ ባሕርይ ወረቀት አይሞላልሽም፣ የጥቃትና የጉዳት ሒሳብ አያሰላልሽም፤ እሱን እንደ ድሮው በወረቀት ትይዛላችሁ። ካርታ፣ ቶከን፣ ዳይስ፣ ጨለማ፤ ያለው ይኸው ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕና ለስልክ እኔ የማስቀድመው እሱን ነው።

ዋሻውን ግን በአንድ ካርታ አትዘርጊው። ሶፍ ዑመር ራሱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ባሌ ውስጥ ዌብ ወንዝ ድንጋዩን ሰርስሮ የሠራው፣ ረጃጅም የድንጋይ ምሰሶዎች የቆሙበት ነው። ያንን ሁሉ አንድ ሥዕል ላይ ላስፍር ካልሽ ላፕቶፕሽም የአዳማው ስልክም ይንበረከካሉ። ለአንድ ምሽት የሚበቃውን ብቻ፣ አምስት ወይም ስድስት አዳራሽ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ሣዪው። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ በእርሳስ ጀምሪ፣ ከዚያ በጥቁር እስክሪብቶ ድገሚው። ቀን በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሺው፤ አምፖል ሥር ያነሣሽው እንደሆነ የእጅሽ ጥላ ካርታው ላይ ይቀራል። ጠርዙን ቁረጪ፣ ረጅሙ ጎኑ ከ2,000 ፒክስል እንዳይበልጥ አድርገሽ ቀንሺው፣ በጄፔግ አስቀምጪው፤ ለማንም ኔት የማይከብድ ፋይል ይሆናል። የደብተሩን ካሬ ከመሣሪያው ካሬ ጋር አስተካክዪ፤ በጨዋታው ሕግ አንዱ ካሬ 5 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ሁሉንም በጨለማ ሸፍኚና ችቦ የያዘው በተራመደ ቁጥር እየቆረጥሽ ግለጪላቸው።

ወንዙን አትርሺው። በቃል ብቻ ስትመሪ ወንዝ ጌጥ ነው፤ ካርታ ላይ ሲሰመር ግን አሞሌ የጫኑ በቅሎዎች ሊሻገሩት የሚገባ ነገር ይሆናል፣ ጨው ደግሞ ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ለሲራራ ነጋዴ አይነገረውም። ካርታ ማሳየት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ሳትነግሪው ችግሩን ራሱ ያየዋል።

ለጓደኛሽም ፍርድ ልስጥ። ፋውንድሪ ላይ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ካሰመርሽ ብርሃኑን ራሱ ያሰላዋል። ምሰሶ ጀርባ የቆመው አያይም፣ ፊት ለፊት ያለው ያያል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያየው ገጸ ባሕርዩ የሚያየውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ብቻዋን የሆነ ነገር አይታ "ቆይ፣ እዚያ ጋ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው?" ስትልና ሌሎቹ ስክሪናቸው ላይ ጨለማ ብቻ ሲያዩ የሚፈጠረው ፍርሃት በእጅ በመግለጥ አይመጣም። ያ ነገር ገንዘብ ቢወጣበት አይቆጭም። ግድግዳውን የምታሰምሪው ግን አንቺ ነሽ፤ ለትልቅ ዋሻ አንድ ምሽት ይፈጃል። ብርሃኑን የሚያሰላውም የእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ስለሆነ የአሮጌ ላፕቶፕ ማራገቢያ መጮህ ይጀምራል። ድረ ገጹ ላይ ሳይገዙ የሚሞከር ማሳያ አለው፤ ላፕቶፕሽ እንዴት እንደሚሆን በዚያ ተመልከቺ፣ እስከዚያ ማንም ኪሱ አይግባ።

"ሁሉ ነገር ተሠርቶ ነው የሚመጣው" ያለው እውነት ነው። ጥያቄው ለማን ታሪክ ተሠርቶ ነው የሚለው ነው። በእነዚህ መድረኮች ላይ የሚሸጡት ካርታዎችና ሥዕሎች ባመዛኙ የአውሮፓን መካከለኛ ዘመን የመሰሉ ናቸው፤ የድንጋይ ግንብ፣ የጥድ ጫካ፣ የእንጨት መጠጥ ቤት፣ ጋሻ ጃግሬ በብረት ልብስ። የአንቺ ሰዎች በቅሎ እየነዱ፣ አሞሌ እየቆጠሩ፣ ኬላ ላይ ቀረጥ እየተከራከሩ የሚሄዱ ናቸው። ለእነሱ የሚሆን ዕቃ ከዚያ ገበያ የምታገኚው ጥቂት ነው፤ ብትገዢም ባትገዢም የምትሥዪው አንቺው ነሽ። ዝግጁ ታሪክ ለሚጫወት ቡድን ፋውንድሪ የብዙ ሰዓት ድካም ያስቀራል፤ የራሱን ለሚጽፍ ግን ያን ያህል አያቀልለትም። ዝግጁዎቹ ታሪኮች ደግሞ ከ50 ዶላሩ ውጭ ለየብቻ ይሸጣሉ፣ በአንዱ መድረክ የገዛሽውም ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላው አይሻገርም። ለሕጉ ግን ገንዘብ አታውጪ። የጨዋታው ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ሕጎች እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቋቸዋል፤ ማንም በነፃ ሊያወርዳቸው፣ ወደ አማርኛ መልሶ ሊያሠራጫቸውም ይችላል፤ ምንጩን መጥቀስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ሮል20ስ ላልሽው፣ ነፃው ደረጃው ይሠራል። ማስታወቂያ አለው፣ የማከማቻ ቦታው የተወሰነ ነው፣ ከአውልቤር ይከብዳል፤ የገጸ ባሕርይ ወረቀቱ በውስጡ መሆኑ ጥቅሙ ነው። የሚከፈልበት ደረጃ ዋጋው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። እኔን የሚያስፈራኝ "በየወሩ" የሚለው ነው። አብዛኛው የብር ካርድ ለውጭ ግዢ አይሠራም፣ በቴሌብርም እነሱ ጋ አይከፈልም። ዶላር የሚሞላበት ካርድ የሚሰጡ ባንኮች አሉ፤ መስፈርቱ እንደ ባንኩ ይለያያል። ይህን አንድ ጊዜ መድከም ይቻላል። በየወሩ ግን ጣጣ ነው፤ ካርዱ ባዶ በሆነ ወር የከፈልሽበት ነገር ታሪኩ መሃል ላይ ይዘጋብሻል። ኩባንያዎችም ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። ያው ዊዛርድስ ሲጂል የሚባል ባለ 3ዲ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አውጥቶ በሳምንታት ውስጥ የሠሩለትን ሰዎች አብዛኞቹን አሰናበተ። ፋውንድሪን የምመርጠው አንድም ለዚህ ነው፤ የጫንሽው ቅጂ ማንም ሐሳቡን ቢለውጥ ኮምፒውተርሽ ላይ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ላይሰንስ፣ ማለትም የሶፍትዌሩን መጠቀሚያ ፈቃድ፣ "በብር እንሸጣለን" የሚሉሽን ደግሞ እለፊያቸው። በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ቁልፍ ሲታወቅ ይሰረዛል፣ የከፈልሽው ብር ግን አይመለስም።

አሁን ወደ ይሉኝታው። 50 ዶላር ለእሱና ለአንቺ አንድ ክብደት የለውም፤ ይህን መናገር አያሳፍርም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 50 ዶላር ከ3,000 ብር በታች ነበር ማለት ነው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ ሒሳብ ተረስቷል። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 7,500 ብር ነው። በአስተማሪ ደሞዝ ለቅዳሜ ጨዋታ ይህን አውጪ አልልሽም፤ እናትሽ ብትሰማ እኔን ነው የምትረግመኝ።

ምንም አላዋጣሁም ብለሽ ግን አታስቢ። ታሪኩን የጻፍሽ አንቺ ነሽ፣ የምትሥዪ አንቺ ነሽ፣ አምስት ሰው የምትሰበስቢ አንቺ ነሽ። ተጫዋች ተጫውቶ ይተኛል፤ መሪዋ ማክሰኞ ማታ ደብተር እያረመችም ስለ ቅዳሜ ታስባለች። እሱ ሰርቨሩን ቢያዋጣ ድርሻውን አዋጣ እንጂ ውለታ አልዋለልሽም።

ገንዘቡን ስትቀበዪ ግን አብሮት የመጣውን ለይተሽ እዪው። "ከተገዛ አይቀር የእንግሊዝኛዎቹን እንጫወት" ያለው ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ የመሣሪያ ጉዳይ ነው፣ አንዱ የታሪክ። ምናልባት ሲራራው ሰልችቶታል። ምናልባት እዚያ ሌላ ቡድን ሲጫወት አይቶ አምሮታል። ምናልባትም ዝግጅቱ እየገደለሽ መሆኑን አይቶ አዝኖልሽ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ እኔ ከዚህ ሆኜ አልነግርሽም። ደውዪለትና "ገንዘቡን ለጊዜው እንተወው፤ ሲራራውን ወደኸዋል ወይ?" ብለሽ ጠይቂው። በግሩፑ ላይ አትጠይቂው፤ ሌሎቹ ባሉበት እውነቱን አይነግርሽም። አዝኖልሽ ከሆነ የሚረዳሽ ሥራ ስጪው፤ ለምሳሌ የጭራቆቹን የጉልበትና የጥቃት ቁጥር እሱ ያዘጋጅልሽ። ሰልችቶት ወይም አምሮት ከሆነ ደግሞ ዋሻው ሲያልቅ ከእንግሊዝኛዎቹ አንዱን ራሱ ይምራው፤ አንቺ ለጥቂት ሳምንት ተጫዋች ሁኚ። ያኔ ፋውንድሪን የገዛው ለራሱ ጨዋታ ነው፣ ሰርቨሩም እሱ ቤት ነው፣ ይሉኝታሽም መቀመጫ ያጣል። አንድ ላይሰንስ ብዙ ታሪክ መያዝ ስለሚችል ተራሽ ሲመጣ የሲራራሽን ታሪክ እዚያው ታስጀምሪያለሽ። አንድ ላይሰንስ በአንድ ጊዜ የሚያስነሣው ግን አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሌላ ቡድን ይዞ ቅዳሜ የሚመራ ከሆነ ቀን ተከፋፈሉ።

እስከዚያ በየጨዋታው መጨረሻ ጨዋታው ለምን እንደቆመ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። አንድ ቃል ይበቃል፦ መብራት፣ ኔት፣ የቀረ ሰው፣ ሒሳብ፣ ካርታ። ዋሻው ሲያልቅ ቁጠሪው። "ሒሳብ" እና "ካርታ" ከበዙ ፋውንድሪ በእርግጥ ያግዝሻል፤ ጉዳቱን ያሰላል፣ ተራውን ይይዛል፣ ጨለማውን ራሱ ይገልጣል። "መብራት" እና "የቀረ ሰው" ከበዙ 50 ዶላሩ የሚፈታው ነገር የለም። እኔ እነዚህ ሁለቱ እንደሚበዙ እገምታለሁ።

ለጓደኛሽ ጨዋታ ሳይሆን ለአንቺ ብሎ ከገዛው አካውንቱ በአንቺ ኢሜይል ይከፈት፤ ላይሰንሱም በኋላ የሚገዙ ተጨማሪዎችም የሚታሰሩት ከአካውንቱ ጋር ነው። ሰርቨሩ የትም ይሁን የታሪክሽ ፎልደር ኮፒ አልፎ አልፎ ይላክልሽ። የእሱ ኮምፒውተር ሲበላሽ የአንቺ ጽሑፍ አብሮ የሚሄድበት ምክንያት የለም።

ሰዓቱን ግን ዛሬውኑ ብትቀይሩት ይሻላል። ማታ 3 ሰዓት ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ኔቱን የሚጠቀምበት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ብትጀምሩ ሐዋሳ ያላችሁት ሁለታችሁ አንድ ቤት፣ ወይም ጄኔሬተር ያለው ካፌ፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ መስመር መቀመጥ ትችላላችሁ፤ ሳይመሽም በባጃጅ ትመለሳላችሁ። አንድ ሰው ከኔቱ ላይ ቀነሳችሁ ማለት ነው። ለሜሪላንዱ አሁን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆንለታል፤ ለቅዳሜ የሚከብድ አይደለም። በጥቅምት መጨረሻ ገደማ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ግን ከጠዋቱ 2 ይሆንበታል፤ እስከ መጋቢት መግቢያም እንደዚያው ይቆያል። ካሁኑ ንገሪውና ይምረጥ፤ ወይ እሱ ቀደም ብሎ ይነሣል፣ ወይ እናንተ 11 ሰዓት ትጀምራላችሁ።